ጌይኑን ሳታስተካክል ፌደሩን አትንካ፦ ስለ ሚክሰርና ስለ ቆርቆሮ አዳራሽ ድምፅ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

የቀረበው ጥያቄ፦

«ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለ አንድ የሰፈር አዳራሽ ድምፅ የምቆጣጠረው እኔ ነኝ። አዳራሹ ቆርቆሮ ነው፤ 200 ያህል ሰው ይይዛል። ሠርግም፣ የእድር ስብሰባም፣ የባህል ባንድም ይገባበታል። ያለን ባለ 16 ቻናል አናሎግ ሚክሰር፣ ሁለት ባለ 15 ኢንች አክቲቭ ስፒከር፣ ሁለት የመድረክ ሞኒተር፣ ስድስት የገመድ ማይክና አንድ ዋየርለስ ነው። ሥራውን ማንም አላስተማረኝም። ጌይንም ፌደርም ድምፅ ይጨምራሉ፤ ታዲያ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ኦክስ፣ ፒኤፍኤል፣ 48 ቮልት የሚሉትስ? ዘፋኙ ‹አልሰማም፣ ጨምርልኝ› ሲለኝ ስጨምር ያፏጫል። ኪቦርዱ ሲሰካ ‹እምምም› የሚል ድምፅ አለ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ስፒከሩ ‹ዷ!› ይላል። ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦

ሰላም ወንድሜ። የዘረዘርካቸው ችግሮች የተለያዩ ቢመስሉም አብዛኞቹ የሚፈቱት ድምፁ ከማይኩ ተነሥቶ እስከ ስፒከሩ በየት በየት እንደሚያልፍ ሲታወቅ ነው። ስለዚህ የቁልፎቹን ስም በዚያው በድምፁ መንገድ ተራ እያነሣን እንሂድ።

የቁልፉ ብዛት አያስፈራህ። አንዱን ቻናል ከላይ እስከ ታች ካወቅህ ሌሎቹም ያው ናቸው። ከላይ ጌይን አለ፤ ቀጥሎ ሎው ከት፣ የድምፁን ወፍራምና ቀጭን ክፍል የሚያስተካክለው ኢኪው፣ ኦክስ፣ ድምፁን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ የሚያደላው ፓን፣ ማጥፊያው ሚዩት፣ መጨረሻ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተተው ፌደር። ከዚያ የሁሉም ቻናል ድምፅ ማስተሩ ላይ ይገናኛል። አንድ ነገር ግን አስቀድመህ አረጋግጥ፦ ባለ 16 ቻናል ተብለው ከሚሸጡት ብዙዎቹ የማይክ መሰኪያቸው 8 ወይም 10 ብቻ ነው። የቀረው ለኪቦርድና ለላፕቶፕ የተዘጋጀ ጥንድ መሰኪያ ነው። ስድስት ገመድ ማይክ፣ የዋየርለስ ሪሲቨርና የክራር ገመድ ስትደምር ቦታው ቶሎ ይሞላልና የትኛው ነገር የትኛው ቻናል ላይ እንደሚገባ በፕላስተር ጽፈህ ከፌደሮቹ ሥር ለጥፍ።

አሁን ወደ ጌይንና ፌደር። ማይክ የሚሰጠው ኤሌክትሪክ በጣም ጥቂት ነው፤ የቮልት ሺሕኛዎች ብቻ። ኪቦርድ ግን አንድ ቮልት አካባቢ ሊሰጥ ይችላል። ሚክሰሩ ውስጥ ያለው ሰርኪዩት በደንብ የሚሠራው ሁሉም ወደ አንድ ተቀራራቢ ደረጃ ሲመጡለት ነው። ይህን የሚሠራው ጌይን ነው። ፌደር የሚሠራው ከዚያ በኋላ ነው፤ ደረጃውን ካገኘው ድምፅ ውስጥ ምን ያህሉ ወደ አዳራሹ ይሂድ የሚለውን ይወስናል። ሁለቱም ድምፅ ይጨምራሉ ያልከው እውነት ነው፤ ነገር ግን አንዱ ሲሳሳት ሌላው አያርመውም።

ጌይኑን ዝቅ አድርገህ ፌደሩን ጫፍ ብታደርስ ከድምፁ ጋር የሚክሰሩን የራሱን «ሽሽሽ» አብረህ ታጎላለህ። ጌይኑን ከመጠን በላይ ብትከፍት ደግሞ የድምፁ ጫፍ ይቆረጣል፣ ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ ፌደሩን ብታወርደው የተሰነጠቀው ድምፅ እንደተሰነጠቀ ዝቅ ብሎ ይሰማል እንጂ አይጠራም። ሦስተኛው ጉዳት ብዙ ሰው ልብ አይለውም፦ ወደ መድረክ ሞኒተር የሚሄደው ድምፅ ብዙውን ጊዜ የሚቀዳው ከጌይኑ በኋላ፣ ከፌደሩ በፊት ነው። ፕሮግራም መሀል ጌይን ስትጨምር የአዳራሹ ብቻ ሳይሆን የሞኒተሩም ድምፅ አብሮ ይጨምራል፤ ወዲያው ያፏጫል። የአንተ ፉጨት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፌደሩን ወደ ታች፣ ጌይኑንም ወደ ዜሮ መልስ። የቻናሉን ፒኤፍኤል ተጫን፤ አንዳንድ ሚክሰር ላይ ሶሎ ይባላል። ይህ ቁልፍ ድምፁን ወደ አዳራሽ ሳይልክ ለጆሮ ማዳመጫህና የድምፁን ደረጃ ለሚያሳየው ሜትር ብቻ ይሰጣል። ዘፋኙ «ሄሎ ሄሎ፣ አንድ ሁለት» እያለ ሳይሆን ፕሮግራሙ ላይ በሚዘፍንበት ኃይል፣ ከፍ የሚልበትን ቦታ ይዝፈንልህ። ሜትሩ ዜሮ አካባቢ እየተጫወተ፣ ሲበረታ ከዜሮ እስከ 6 ዴሲቤል (የድምፅ ደረጃ መለኪያ) እያለፈ እንዲመለስ ጌይኑን ቀስ እያልክ ክፈት። ቀይዋ መብራት ከበራች መልሰው፤ አብዛኞቹ ሚክሰሮች ላይ የምትበራው ድምፁ ሊቆረጥ ጥቂት ሲቀረው ነውና ማስጠንቀቂያ ናት። ከጨረስክ ፒኤፍኤሉን ልቀቀው። ሁለት ቻናል ላይ ተጭኖ ከተረሳ ሜትሩ የሁለቱን ድምር ያሳይህና ያሳስትሃል። ከዚህ በኋላ ማስተሩን ዜሮ ምልክቱ ላይ አድርገህ የቻናሉን ፌደር እስከ ዜሮ አካባቢ ታነሣለህ።

ያን ጊዜ አዳራሹ በጣም ጮኸብህ እንበል። ብዙ ሰው ፌደሮቹን ሁሉ ወደ ታች ይሰበስባል። ይህ ሥራ ያበላሻል፤ ምክንያቱም ፌደር ዜሮ አካባቢ አንድ ሴንቲሜትር ሲንቀሳቀስ የሚለውጠው ጥቂት ዴሲቤል ሲሆን፣ ታች አካባቢ ግን ያቺው አንድ ሴንቲሜትር 20 ዴሲቤል ልትወስድ ትችላለች። ጣትህ ትንሽ ሲነካው ዘፋኙ ወይ ይጠፋል ወይ ይፈነዳል። መፍትሔው የአክቲቭ ስፒከሮቹን የጀርባ ቁልፍ መቀነስ ነው። እዚያው ጀርባው ላይ ማይክ እና ላይን የሚል መቀየሪያ ካለ ላይን ላይ መሆኑን እይ። ከሚክሰር የመጣ ድምፅ በማይክ በኩል ከገባ ገና ሳይከፈት ይሰነጠቃል። ወደፊት ዲጂታል ሚክሰር ካገኘህ ደግሞ የሜትሩ ዜሮ ጣሪያው እንጂ የሥራ ቦታው አይደለም፤ እዚያ ላይ መካከለኛው ድምፅ ከዜሮ በታች 18 አካባቢ ይሁን።

48 ቮልት የኮንደንሰር ማይክ ምግብ ነው። ኤሌክትሪኩ በዚያው በማይኩ ገመድ ወደ ማይኩ ይሄዳል። በእጅ የሚያዙት የተለመዱት ዳይናሚክ ማይኮች አያስፈልጋቸውም፤ ግን ቢበራም አያቃጥላቸውም። ባለ ሦስት ፒኑ ኤክስኤልአር ገመድ ላይ ፒን 1 መሬት ነው፤ ቮልቴጁ ፒን 2 ላይም ፒን 3 ላይም እኩል ስለሚሆን በማይኩ ጥቅል ሽቦ ውስጥ የሚፈስ ነገር የለም። ጉዳት የሚመጣው ገመዱ በስሕተት ከተበየደ፣ ወይም አንዱ ጫፍ ኤክስኤልአር ሌላው ጃክ በሆነ ገመድ ላፕቶፕ ወይም ስልክ ማይክ መሰኪያ ላይ ከተሰካ ነው። ሪበን የሚባሉት ማይኮችም ስስ ናቸውና ጠብቃቸው። ትንንሽ ሚክሰሮች ላይ አንዱ ቁልፍ ለሁሉም ቻናል ስለሚሠራ ከመጫንህ በፊት ምን ምን እንደተሰካ ቃኝ። ስታበራም ስታጠፋም ቻናሎቹን ሚዩት አድርግና ጥቂት ሰከንድ ጠብቅ፤ አለዚያ «ጧ» የሚለው ስፒከሩን ይመታል።

ሎው ከት የምትለዋ ትንሽ ቁልፍ፣ 80 ወይም 100 ኸርዝ (የድምፅ ውፍረትና ቅጥነት መለኪያ) ተብሎ የተጻፈባት፣ ከእርሷ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ ትቆርጣለች። ሰው በሚናገርበትና በሚዘፍንበት ማይክ ሁሉ ላይ ተጫናት። የሰው ድምፅ እዚያ ታች የሚያጣው ነገር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ የእንጨት መድረክ ላይ እስክስታ ሲወረድ በማይክ ማቆሚያው በኩል የሚወጣው ድብድብታ፣ የትንፋሽ «ፑፍ»፣ የእጅ መነካካት ግን ያለው እዚያ ነው። ከበሮ፣ ቤዝ ጊታርና ኪቦርድ ላይ አትጫናት።

ኢኪው ላይ ሕጉ ከመጨመር መቀነስን ማስቀደም ነው። ቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ ድምፁ ከእንስራ ውስጥ የሚወጣ ሲመስል ችግሩ ያለው ብዙ ጊዜ ከ250 እስከ 500 ኸርዝ ነው። ሚድ የሚለው ክፍል ሁለት ቁልፍ ካለው አንዱ ቦታውን ይመርጣል፣ ሌላው ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ቦታውን 300 አካባቢ አድርገህ ከ3 እስከ 6 ዴሲቤል ቀንስ፤ ቃሉ ወዲያው ይገለጣል። ሰው «አይሰማም» ሲል ብዙ ጊዜ ማለቱ «አይለይም» ነው፤ ቃል የሚለየው ደግሞ ከ2 እስከ 4 ኪሎኸርዝ ባለው ክልል ነው። ያን ክልል ከነካህም በጥቂቱ ይሁን፤ ጆሮ የሚወጋውም ፉጨት የሚነሣውም እዚያው አካባቢ ነውና።

ኦክስ ላይ ቆም እንበል። ኦክስ ማለት ሚክሰሩ ውስጥ ያለ ሌላ ሚክሰር ማለት ነው። የእያንዳንዱ ቻናል ኦክስ 1 ቁልፍ ከዚያ ቻናል ምን ያህል ወደ ኦክስ 1 መውጫ እንደሚሄድ ይወስናል፤ መውጫው ላይ ሞኒተር ከተሰካ መድረክ ላይ የሚሰማው ያ ቅልቅል ነው። አዳራሹ ከሚሰማው ጋር መመሳሰል የለበትም። ቁልፉ አጠገብ ፕሪ የሚል ካለ ድምፁን ከፌደሩ በፊት ይወስዳል፤ ለአዳራሹ ብታወርድም ለዘፋኙ አይለወጥበትም። ለሞኒተር የሚሆነው ይህ ነው። ፖስት ከሆነ ፌደሩን ተከትሎ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ለኤኮ የሚሆነው ይህ ነው። ኤኮ በፕሪ ከሄደ ዘፋኙን ስታጠፋው ኤኮው ብቻውን አዳራሹ ውስጥ ሲንሳፈፍ ይቀራል። የአንተ ሚክሰር የትኛው እንደሆነ ካልተጻፈበት ሞክረህ እወቅ፦ ኦክሱን ክፈት፣ ፌደሩን ወደ ታች አውርድ፤ ሞኒተሩ ከተናገረ ፕሪ ነው።

ስለ ኤኮ ካነሣን፣ እኛ አገር ከልክ በላይ ይወደዳል። ቆርቆሮው ራሱ እያስተጋባ ሌላ ኤኮ ሲጨመርበት ግጥሙ ይጠፋል፤ ሽማግሌው ሲመርቁ ምርቃቱ ሳይሰማ ያልፋል። ለዘፈን ትንሽ ክፈት፤ ንግግርና ምርቃት ሲጀመር የኤፌክቱን ሚዩት ወዲያው ተጫን።

እንግዲህ ዘፋኙ «ጨምርልኝ» ሲልህ መጀመሪያ የምትጠይቀው «ምኑን?» ብለህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የራሱን ድምፅ የሚሸፍንበት ሞኒተሩ ውስጥ የተጨመረው ኪቦርድና ከበሮ ነው። ከበሮውን ከሞኒተሩ ሙሉ በሙሉ አውጣው፤ አጠገቡ እየተመታ ስፒከር አይፈልግም። ኪቦርዱን በሩብ ቀንሰው። የዘፋኙን ድምፅ ሳትነካ ዘፋኙ «አሁን ተሰማኝ» ይልሃል።

ፉጨቱ የሚመጣው እንዲህ ነው። ከስፒከር የወጣው ድምፅ ተመልሶ ማይኩ ውስጥ ይገባል። ሲመለስ መጀመሪያ ከገባበት ካላነሰ እየዞረ ያድጋል፣ ይጮኻል። ስለዚህ ሥራህ ሁሉ የተመላሹን ድምፅ ከዘፋኙ ድምፅ በታች ማድረግ ነው። ለዚህ ከኢኪው በፊት የሚሠራ፣ ዋጋ የማያስከፍል አንድ ነገር አለ፤ ርቀት። ማይኩ ከአፍ 20 ሴንቲሜትር ርቆ ከነበረ ወደ 10 ሲቀርብ 6 ዴሲቤል ያህል ታተርፋለህ፤ ወደ 5 ሲቀርብ ሌላ 6። ይህን 12 ዴሲቤል የሚሰጥህ ቁልፍ ሚክሰሩ ላይ የለም። መድረክ መሪው ማይኩን ደረቱ ላይ ይዞ ሲያወራ ቁልፍ አትጨምር፤ ሄደህ እጁን ከፍ አድርግለት።

ሁለተኛው የማይኩ ጀርባ ነው። እንደ ሹር ኤስኤም58 ያሉት፣ ከ1966 ጀምሮ የሚመረተውና አስመስሎ የተሠራውም ገበያውን የሞላው ማለት ነው፣ ካርዲዮይድ ናቸው፤ ከፊት በደንብ ይሰማሉ፣ በቀጥታ ከጀርባ ያለውን ግን ብዙም አይሰሙም። ሞኒተሩ መቀመጥ ያለበት የማይኩ ጭራ በሚያመለክትበት ቦታ፣ ከዘፋኙ ፊት ለፊት ወለል ላይ ነው። ቤታ 58ኤን የመሰሉት ሱፐርካርዲዮይዶች ግን ከቀጥታ ጀርባቸው በትንሹ ይሰማሉ፤ በደንብ የማይሰሙት ከጀርባ ወደ ጎን አለፍ ባለው አቅጣጫ ነው። ለእነርሱ ሞኒተሩን ወደ አንድ ጎን ገፋ አድርገው። ዘፋኙ የማይኩን የብረት ወንፊት በመዳፉ ሲጨብጥ ይህ ሁሉ ይጠፋል፤ ማይኩ ከሁሉም አቅጣጫ መስማት ይጀምርና ያፏጫል። ዘፈን ሲያልቅ እጁን ሲያወርድ የሚጮኸው ደግሞ የማይኩ ፊት ወደ ሞኒተሩ ስለሚዞር ነው።

ሦስተኛው የተከፈተ ማይክ ብዛት ነው። የተከፈቱት ማይኮች እጥፍ በሆኑ ቁጥር ፉጨት ሳይነሣ ልትደርስበት የምትችለው ድምፅ በ3 ዴሲቤል ይቀንሳል። ስድስቱም ተከፍተው አንድ ሰው ብቻ ሲናገር 8 ዴሲቤል ያህል በከንቱ አጣህ። የእድር ስብሰባ ላይ ተናጋሪው ሲለወጥ ሚዩቱን ተከታትለህ ክፈትና ዝጋ፤ ሥራው እርሱ ነው። አራተኛው የዋናዎቹ ስፒከሮች ቦታ ነው፦ ከማይኮቹ መስመር ፊት ይሁኑ፤ ከኋላ ወይም ከአጠገብ ከሆኑ ምንም ብታደርግ አይድንም።

ይህን ሁሉ ከጨረስክ በኋላ ነው ኢኪው የሚመጣው። እንግዳ ሳይገባ ማይኮቹን ቦታቸው ላይ አድርገህ ሞኒተሩን ቀስ እያልክ ጨምር። መጀመሪያ የሚያቃስተውን ድምፅ ያዝ። «ሁ» የሚል ወፍራም ከሆነ ከ250 እስከ 500 ኸርዝ፣ በአፍ እንደሚፏጨው ከሆነ 1 ኪሎኸርዝ አካባቢ፣ ጆሮ የሚወጋ ከሆነ ከ2 እስከ 4 ኪሎኸርዝ ፈልገው። ለእያንዳንዱ የድምፅ ክልል የራሱ ዘንግ ያለው ግራፊክ ኢኪው ካለህ ያን አንድ ዘንግ 3 ዴሲቤል አውርድ፣ እንደገና ጨምር፣ ሁለተኛውን ያዝ። ሦስት ወይም አራት ቦታ ከነካህ በኋላ አቁም፤ ከዚያ በላይ የምትቀንሰው ድምፁን ራሱን እየበላህ ነው። ከዚያ ደረጃ ደግሞ 6 ዴሲቤል መልሰህ ተወው። ፉጨት ጫፍ ላይ የተቀመጠ ሞኒተር አንድ ሰው እጁን ሲያነሣ ይነሣል።

ስለ አዳራሹ። ቆርቆሮ ግድግዳ ድምፅ አይውጥም፣ ይመልሳል። ስፒከሮቹን ከጭንቅላት በላይ፣ የሣጥኑ ታች ከወለል 2 ሜትር አካባቢ እንዲሆን በማቆሚያ አንሣቸው፤ አፋቸውን ከጎን ግድግዳ መልሰህ ወደ ሰው አዙር። ወለል ላይ ካስቀመጥካቸው የፊት ረድፍ ይደነቁራል፣ የኋላው ይጠይቃል። የኋላ ግድግዳው ላይ ወፍራም መጋረጃ ብትሰቅል ከማንኛውም ኢኪው ይበልጣል። ባዶ አዳራሽ ሲያስተጋባ አትደንግጥ፤ 200 ሰው ሲገባ ልብሱና ሰውነቱ ቀጭኑን ድምፅ ይውጠዋል፣ ስለዚህ ባዶ እያለ ትሬብሉን አትግደለው።

ገላጣ ቦታ ላይ ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ 6 ዴሲቤል ይወርዳል። ከስፒከሩ 2 ሜትር የተቀመጠና 16 ሜትር የተቀመጠ ሰው መካከል እስከ 18 ዴሲቤል ልዩነት ሊኖር ይችላል ማለት ነው፤ አዳራሹ በማስተጋባት ጥቂት ቢመልሰውም የሚመለሰው ድምፅ ቃል አይለይበትም። የኋላው ሰው ካልሰማ ፊተኛውን ከማደንቆር መሀል ላይ ትንሽ ስፒከር ጥንድ ማከል ይሻላል። ግን ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በሰከንድ 343 ሜትር ስለሚጓዝ ለእያንዳንዱ ሜትር 3 ሚሊሰከንድ ያህል ይዘገያል፤ መሀለኛው ስፒከር ከፊተኛው 12 ሜትር ከራቀ በ35 ሚሊሰከንድ ማዘግየት አለብህ። አለዚያ የኋላው ሰው ቃሉን ሁለት ጊዜ ይሰማዋል። የአካባቢያችን ከፍታ ይህን ቁጥር አይለውጠውም፣ የሚለውጠው ሙቀት ነው። ከፍታው የሚነካው ሌላ ነገር ነው፤ ከ2,000 ሜትር በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ዕቃን በደንብ አያቀዘቅዝም። የስፒከሮቹን ጀርባ በጨርቅ አትሸፍን፣ ከግድግዳም አታስጠጋቸው።

ክረምት ላይ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ከእርሱ ጋር እሽቅድድም አትግባ። ማይኩን ወደ አፍ አስጠጋ፣ ከንግግሩ ላይ ቤዙን ቀንስ፣ ቃል የሚለይበትን ክልል ትንሽ ከፍ አድርግ፣ የማያስፈልገውን ማይክ ሁሉ ዝጋ። ከዚያ ካላለፈ ንግግሩን ጥቂት ደቂቃ ማቆየት ይሻላል።

መሣሪያዎቹን ባጭሩ፦ ከበሮ በ200 ሰው አዳራሽ ብዙ ጊዜ ማይክ አያስፈልገውም። ካስፈለገ ከትልቁ ፊት 15 ወይም 20 ሴንቲሜትር፣ ከመሀሉ ወደ ጠርዝ ፈንጠር አድርገህ። ማሲንቆ ከቆዳው 20 ወይም 30 ሴንቲሜትር። ዋሽንት ላይ ማይኩ በቀጥታ የትንፋሹ መንገድ ላይ አይሁን። ፒክአፕ ያለው ክራር በቀጥታ ጃክ ከተሰካ ቀጭንና ደረቅ ይሆናል፤ በ48 ቮልት የሚሠራ አክቲቭ ዲአይ ቦክስ (የመሣሪያን ድምፅ ለማይክ መሰኪያ የሚያመቻች ትንሽ ሣጥን) ሲገባበት ነው ሙላት የሚያገኘው።

ወደ «እምምም» እንምጣ። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ የምትሰማው እርሱንና እጥፉን 100 ኸርዝን ነው። መጀመሪያ የኪቦርዱን ቻናል ሚዩት አድርግ፤ ከጠፋ ችግሩ በዚያ መስመር ነው። ቀጥሎ ኪቦርዱ በባትሪ የሚሠራ ከሆነ አዳፕተሩን ንቀለው፣ ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ንቀለው። ያኔ ከጠፋ ምክንያቱ ኪቦርዱ ከመድረኩ ሶኬት፣ ሚክሰሩ ከኋላው ሶኬት መብራት ስለሚወስዱ፣ በሁለቱ ኧርዝ መካከል ያለው ልዩነት በድምፅ ገመዱ መሸፈኛ ሽቦ ስለሚዞር ነው። መድረኩንም ሚክሰሩንም ከአንድ ሶኬት በተሳበ ዲቫይደር አብላ፤ ኪቦርዱን በዲአይ ቦክስ አስገባና ግራውንድ ሊፍት የሚለውን፣ የድምፅ ገመዱን መሬት ብቻ የሚያላቅቀውን ቁልፍ ተጫን። ዲአይ ቦክሱ የሚሰካው ማይክ መሰኪያ ላይ ስለሆነ ጌይኑን እንደ አዲስ ታስተካክላለህ። ተራው የጃክ ገመድ ከ5 ወይም 6 ሜትር በላይ እንዲረዝም አትፍቀድ፤ የቀረውን ርቀት ኤክስኤልአር ይሂድ። የመብራትና የድምፅ ገመድ ጎን ለጎን አይታሠሩ፤ መገናኘት ካለባቸው ተሻግረው ይለፉ።

እምምታውን ለማጥፋት የሶኬቱን ኧርዝ የሚቆርጡ ሰዎች ታገኛለህ። ይህን በምንም ምክንያት አታድርግ፣ ሲደረግም ዝም ብለህ አትይ። አንዱ ዕቃ ውስጥ ሽቦ ቢላቀቅ 220 ቮልቱ መውጫ አጥቶ የማይኩ ብረት ላይ ይጠብቃል፤ ማይኩን የሚነካው ደግሞ የዘፋኙ ከንፈር ነው።

«ዷ!» የሚለው የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። ሚክሰር ሲነሣ ድንገተኛ ምት ያወጣል፤ ስፒከሩ ቀድሞ በርቶ ከጠበቀው ያንን አጉልቶ ይናገረዋል። ስታበራ ሚክሰሩ ይቅደም፣ ስፒከሮቹ ይከተሉ፤ ስታጠፋ ስፒከሮቹ ይቅደሙ። መብራት ሲሄድ ደግሞ የመጀመሪያ ሥራህ ወደ ስፒከሮቹ ሄደህ ማጥፊያቸውን መዝጋት ነው፣ ጨለማም ቢሆን። መብራት ሲመጣ ቮልቴጁ ከፍና ዝቅ ይላልና ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቅ፤ በሙልቲሜትር ለካ፣ ከ250 ቮልት በላይ ካሳየህ ምንም አትሰካ። ስታብላይዘር ካላችሁ ሚክሰሩና ስፒከሮቹ በእርሱ ይለፉ። ጄኔሬተር ከሆነም ተነሥቶ ሲረጋጋ ብቻ ዕቃውን አብራ።

የምትስበው ገመድ ውፍረትም ልዩነት አለው። 30 ሜትር ባለ 1.5 ስኩዌር ሚሊሜትር ገመድ 10 አምፒር ሲያልፍበት 7 ቮልት ያህል ይበላል፤ ባለ 2.5ቱ ከ4 ቮልት ብዙም አያልፍም። ተጠቅልሎ እያለ ጭነት ከተጫነበት ይግላልና ሁሉንም ፍታው። የምግብ አዘጋጆቹ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይወስዳል፤ ከአንተ መስመር ጋር ከተሰካ ቤዝ በመታ ቁጥር ሚክሰሩ ሊጠፋ ይችላል። ከድግሱ ባለቤት ጋር አስቀድመህ ተነጋግረህ መስመር ለይ።

የዋየርለሱን ሪሲቨር መሬት ላይ ወይም ከቆርቆሮው አጠገብ አታስቀምጠው፤ ማይኩን በቀጥታ በሚያይበት ከፍታ ላይ ይሁን። አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ከተቆራረጠ ሪሲቨሩን አንድ ሜትር አንቀሳቅሰው፣ ከቆርቆሮው የሚመለሰው ሞገድ እየተጋጨበት ነው። ባትሪውን ለእያንዳንዱ ፕሮግራም አዲስ አድርግ።

የድምፅ መጠኑን በሚመለከት፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ለመዝናኛ ቦታዎች ያወጣው መመዘኛ በ15 ደቂቃ አማካይ 100 ዴሲቤል እንዳይታለፍ ይላል። በ200 ሰው አዳራሽ ሠርግ ከዚያ በታች በደንብ ይደምቃል፤ ሕፃናትን ከስፒከሮቹ ፊት አርቃቸው።

ገንዘብ ከተገኘ አዳራሹ ትልልቅ ስፒከር እንዲገዛ ይገፋፉህ ይሆናል። አንተ ግን መጀመሪያ ሁለት ዲአይ ቦክስ፣ ጥሩ የኤክስኤልአር ገመዶች፣ ሁለት ጠንካራ የስፒከር ማቆሚያና ባለ 2.5 የመብራት ገመድ አስገዛ። ከዚያ ለሞኒተሩ ባለ 31 ዘንግ ግራፊክ ኢኪው ይከተል። ስፒከሩ ካስፈለገም ከእነዚህ በኋላ ነው።